ቅዳሜ ቅዳሜ የቆጠርኩት ልብ

ልብስ ሰፊው ጤና ጣቢያ የመጣው ወገቡን ይዞ ነበር። እኔ ከደሴ ተመድቤ ላሊበላ የመጣሁ ጤና ረዳት ነበርኩ፤ ሰዉ ግን «ዶክተር» ይለኛል፣ እኔም አላርምም። እሱ ያኔ ሃያ አራት ወይም ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። ቀኑን ሙሉ ገበያው አጠገብ ካለች በረንዳ ላይ ከስፌት መኪናው ጋር ተጣብቆ ይውላል። ወገቡን ያመዋል፣ የበላው አይፈጭለትም፣ ድንገት ሲነሳ ያዞረዋል። ከላይ እስከ ታች መረመርኩት፤ ምንም የለበትም። ቢኖርበትም መደርደሪያዬ ላይ ከአስፕሪንና ከጨጓራ ኪኒን በቀር ብዙ ነገር አልነበረም።

«መድኃኒትህ ሩጫ ነው» አልኩት።

ሳቀ። «ማን አባሮኝ?»

እውነቱን ነው። በዚያ አገር ያለ ምክንያት የሚሮጥ ሰው አልነበረም። የሚሮጥ ሰው ወይ መርዶ ይዟል፣ ወይ ሰርቋል፣ ወይ ሚስቱን ምጥ ይዟታል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ሩጫ የለመድኩ ስለሆንኩ ማለዳ ማለዳ ብቻዬን እወጣ ነበር፤ ታዲያ የሚያዩኝ ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ «ማን ሞተ?» ብለው ይከተሉኛል። ሁለት ብንሆን ጨዋታ ይመስልልናል ብዬም ነው የለመንኩት፤ ለወገቡ ብቻ አልነበረም።

የጀመርነው የሰባ ሰባቱ ድርቅ ካለፈ በኋላ ነው። ድርቁ እያለ ሩጫን ማሰቡ ራሱ ነውር ነበር። ሰው አንድ ቁና እህል ፍለጋ እየወደቀ እየተነሳ በሚሄድበት መንገድ ላይ ጠግቦ አይሮጥም። ዝናቡ ተመልሶ፣ ገብሱ ታጭዶ፣ ሰው መሳቅ ሲጀምር ነው እኛም መንገድ የወጣነው።

አሠልጣኝነቴ በስሕተት ተጀመረ። በመጀመሪያው ቀን ወደ ጋሸና በሚወስደው መንገድ ቁልቁል ይዤው ወረድኩ። መውረዱ ቀለለን፤ መመለሱ ግን ዳገት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ የመኪናውን ፔዳል መርገጥ አቅቶት ደንበኞቹ አጉረመረሙብኝ። ከዚያ በኋላ ሥርዓት አበጀሁ። ጉልበታችን ትኩስ ሳለ ወደ አሸተን በኩል ዳገቱን በእግር እንወጣለን፣ ስንመለስ ጉልበታችንን አጠፍ አድርገን በአጭር በአጭሩ እየረገጥን በሶምሶማ እንወርዳለን። ለአንድ ወር መቶ እርምጃ ሶምሶማ፣ መቶ እርምጃ በእግር እያፈራረቅኩ እንጂ በደንብ አላስሮጥኩትም። ጀማሪን የሚጥለው ድካም ሳይሆን ችኮላ ነው፤ ዛሬም ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው።

«እየሮጥክ ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል ማለት ነው» አልኩት። እሱ የቄስ ልጅ ነው፣ በልጅነቱም ድቁና ተቀብሏል፤ ከማውራቱ ይልቅ ውዳሴ ማርያም እየደገመ ይሮጥ ጀመር። ቃሉ ሲቆራረጥበት ይቀንሳል፣ ሲቀጥልለት ይጨምራል። ከዚያ የተሻለ የፍጥነት መለኪያ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ምግቡ ላይ ግን እሱ አስተማረኝ። ደሴ በተማርኩት መሠረት «እንቁላል ብላ፣ ወተት ጠጣ» ስለው፣ ረቡዕን፣ ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትን ሁሉ ዘረዘረልኝና «መቼ?» አለኝ። አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ባለው ነገር ሆነ፤ በሶ በማር ተበጥብጦ፣ ሽምብራ ቆሎ፣ ምስር፣ ተልባ። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ስለማይቀምስ፣ በባዶ ሆዱ ሮጦ ቀኑን ሙሉ እንዳይዝል ሩጫውን ወደ ከሰዓት አዛወርነው፤ ሮጦ ሲጨርስ ማዕዱ ይጠብቀዋል። አንድ የማፍርበት ምክር አለኝ። «ውሃ አትጠጣ፣ ጎንህን ይወጋሃል» እለው ነበር፤ የተማርነው እንደዚያ ነበር። ራሱን እያመመው ስንት ቀን ዝም ብሎ ታዘዘኝ።

ጉልበቱን ሲያመው ደግሞ ከብርድ ልብስ ቁራጭ ለሸራ ጫማው ድርብ ገበር ራሱ ሰፋ። ለእኔም ሰፋልኝ። ወገቡ በሁለት ወር ዳነ። ሩጫው ግን ቀጠለ፤ ወዶት ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከእንቅልፉ ሳይነሳ ቤቱ እየሄድኩ የልብ ምቱን እቆጥር ነበር። ሰው በሩጫ መሻሻሉ የሚታወቀው ጠዋት፣ ከመደቡ ሳይነሳ ሲቆጠር ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰባ ሁለት ነበር። አንጓውን ይዤ፣ ሰዓቴን እያየሁ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ስቆጥር እናቱ አየችኝ።

«ምን እያረጉ ነው ዶክተር?»

«የልቡን ምት እየቆጠርኩ ነው እማማ።»

«ኧረ በላሊበላ! አይቁጠሩብኝ!»

ምክንያት ነበራት። ታላቅ ልጇን በድርቁ ጊዜ ለሰፈራ ስሙን ጽፈው፣ ከሌሎች ጋር ቆጥረው፣ መኪና ላይ ጭነው ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው አልተሰማም። «ቆጠሩት፣ ወሰዱት» ትል ነበር፣ ሁለቱ አንድ ሥራ እንደሆኑ ሁሉ። አልተከራከርኳትም። ድምፄን እንዳላሰማ፣ ቁጥሩንም ለማንም፣ ለራሱ ለልጇም እንዳልናገር ቃል ገባሁላት። በዚህ ተስማማች፤ ከዚያ በኋላማ ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ በሶ ሳታቀምሰኝ አትሸኘኝም።

ቃሌን ጠበቅኩ። «እንዴት ነኝ?» ሲለኝ «ደህና ነህ» ብቻ ነው መልሴ። ደብተሬ ላይ ግን ስልሳ አራት፣ ሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ እያለ ወረደ። በዓመት ከመንፈቁ አርባ አራት ገባ። ሩጫ የለመደ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚረጭ መቻኮል አያስፈልገውም። ይህንን ግን ለእሱ አንድ ቀን እንኳ አላስረዳሁትም። ብቻዬን ኮራሁበት።

ያኔ የብሔራዊ ውትድርና ዙር መጣ።

የቀበሌው ወጣቶች ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰቡ። ለምርመራ አንድ ወጣት የጦር ሐኪም መጥቶ ነበር፤ እኔም እንድረዳው ታዘዝኩ። ሸሚዛቸውን አውልቀው ተሰለፉ። አንድ መኮንን በሰልፉ መሐል እያለፈ እያንዳንዱን ያያል። ድርቁ ያከሳው ሰውነታቸው ገና አልሞላም ነበር። ልብስ ሰፊው ጋ ሲደርስ ቆመ። ጭኑን መታ መታ አድርጎ «ይሄ ነው ወታደር! ምን እየቀለቡት ነው?» አለ። ሰው ሳቀ። ያንን ጭን ያበጀሁት እኔ ነኝ። በሶውን፣ ዳገቱን፣ የመቶ መቶ እርምጃውን ሁሉ ለካ ለዚህ ሰውዬ ስደክምለት ኖሬያለሁ።

ተራው ደርሶ አንጓውን ስይዝ አስቤበት አልነበረም። ሌሎቹ በፍርሃት ከመቶ በላይ ይመታሉ፤ የእሱ ሃምሳ ነበር። ጮክ ብዬ ቆጠርኩና «ሃምሳ» አልኩ። «ልቡ ደካማ ነው። እኔ ጋ ሲታከም የቆየ ነው።» የጦር ሐኪሙ ራሱ ያዘው፣ ቆጠረ፣ ቀና ብሎ ፊቴን አየኝ። አንዳንዴ አውቆ እንዳሳለፈው እጠረጥራለሁ። «የልብ ሕመም፣ ብቁ አይደለም» ብሎ ጻፈ።

ከቀበሌው የሚፈለገው ኮታ በአንድ ሰው ጎደለ። የልብስ ሰፊው የግድግዳ ጎረቤት የሆነች መበለት ነበረች፤ ያላት አንድ ወንድ ልጅ፣ ሸማኔ። ጧሪዋ እሱ ብቻ ስለሆነ ለዚህ ዙር ይቆይ ተብሎ ወደ ጎን ቆሞ ነበር። መኮንኑ ዘወር አለና በጣቱ ጠራው። ልብስ ሰፊው ሸሚዙን እየቆለፈ አየ። እኔም አየሁ። ግቢው ሁሉ አየ።

ያን ዕለት ማታውኑ ልነግረው ነበር። እሱ ግን ፊቱ ገርጥቶ ቀደመኝ። «ለካ ለዚህ ነው ቁጥሩን ስትደብቀኝ የኖርከው» አለኝ። ዓመት ከመንፈቅ «ደህና ነህ» እያልኩ ሕመሙን የሸሸግኩት መሰለው። አይደለም ልለው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። መዋሸት የማይችል ሰው ነው፤ ቢያውቅ በማግስቱ ራሱ ሄዶ «ጤነኛ ነኝ» ይላል፣ ይወስዱታል፣ እኔም እታሰራለሁ። ለእሱ ብዬ ዝም አልኩ እላለሁ፤ ግማሹ ግን ለራሴ ነበር።

እናቱ በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ድረስ መጣች። አንቱታዋን ደጅ ጥላ ነው የገባችው። «አትቁጠርብኝ አላልኩህም? ቆጥረህ ቆጥረህ የልጄን ልብ አሳነስከው!» በሽተኞች እየሰሙ ነው። አንገቴን ደፋሁ። ልጇ የቀረላት በዚያው ቁጥር መሆኑን ለማን ልንገር? ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስታየኝ ፊቷን ታዞርብኝ ነበር፤ እንደዚያ የጎዳኝ ነገር ትንሽ ነው።

ሩጫ ቆመ። ልብስ ሰፊው ጠበል ገባ። ዳገት ሲወጣ ሦስቴ አራቴ ያርፋል፣ ውሃ የሞላ እንስራ አያነሳም፣ ሲስቅ እንኳ ይጠነቀቃል። የታጨችለት ልጅ ወላጆች «ልቡን ለታመመ አንሰጥም» ብለው ቃላቸውን መለሱ። በዓመቱ ሰውነቱ ከበደ፣ ወገቡ ተመልሶ ያዘው። መድኃኒት ሊወስድ በየወሩ ይመጣል፤ ቫይታሚን እየቆጠርኩ እሰጠዋለሁ፣ እሱም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ በመሐረብ ቋጥሮ ይወስዳል። ያንን እጁን ማየት አልችልም ነበር። ጤነኛ ሰው በእኔ ቃል ብቻ ሲታመም እያየሁ በየወሩ «አይዞህ» እለው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የሸማኔው መርዶ ከሰሜን መጣ። የመበለቷን ጥቁር ልብስ የሰፋላት እሱ ነው።

እኔም ወደ ፍላቂት የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ። ሳልነግረው መሄድ አልሆነልኝም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ አሸተን በሚወስደው መንገድ በቀስታ ይዤው ወጣሁ፤ እያረፍን፣ እሱ እንደለመደው። ሰው የሌለበት ስንደርስ ነገርኩት።

«ልብህ አልታመመም። ያኔም አልታመመም ነበር። ምቱ የቀነሰው በሩጫ ነው፤ የደግ ምልክት ነው። በዚህ ከተማ ያንተን ያህል ጤነኛ ልብ ያለው ሰው አልነበረም። እኔ ነኝ የዋሸሁት፣ እንዳይወስዱህ።»

ይደሰታል ብዬ ነበር። ቢሰድበኝም፣ ቢመታኝም ችዬ ልቀበለው ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«እሷ ታውቃለች?» አለኝ በኋላ።

«እናትህ?»

«አይ። ጎረቤቴ።»

«ከእኔና ካንተ በቀር ማንም አያውቅም።»

«በየቀኑ ቤቷ እሄዳለሁ» አለ። «ላጽናናት ነው የምሄደው። እሷ ናት ታዲያ እጄን ይዛ ‹አይዞህ ልጄ፣ አንተ ምን ታረግ፣ ታመህ እኮ ነው› የምትለኝ። ነገም ትለኛለች። ምን ልበላት?»

መልስ ሲጠፋኝ የምሸሸው ወደ ሙያዬ ነው፤ መምከር ጀመርኩ። ምንም እንዳልረፈደ፣ በመጀመሪያው ሳምንት በእግር ብቻ እንዲሄድ፣ ከዚያ መቶ እርምጃ፣ መቶ እርምጃ፣ በሦስት ወር ውስጥ ወደ ቀድሞው እንደሚመለስ። ድምፄ ለራሴም አስጠላኝ።

«ተው» አለኝ፣ ሳይቆጣ። «እኔ ታምሜያለሁ። እሷ በሕይወት እስካለች ታምሜያለሁ።»

ተነስቶ ቁልቁለቱን ብቻውን ጀመረ። ትንሽ ሄዶ ቆመ፣ ደረቱን ይዞ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ቀጠለ፤ ደግሞ ቆመ። በመንገዱ ላይ ከእኔ በቀር የሚያየው ሰው አልነበረም።