ባሕር የሚፈራው አማችና ሐሪዱ

ጅብራን ቀይ ባሕር ላይ ባለችው ፋራሳን ደሴት የውሃ ቦቴ ይነዳል። የተወለደው ግን ማዶ ካለው የብስ፣ ከተራራው እርከን ላይ ነው። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ይስቃል፤ ባሕር ከጉልበቱ ካለፈ ደግሞ ፊቱ አመድ ይመስላል። እንዲህ ያለ ሰው የእህቴን የሸውቂያን ልጅ ቡሽራን ወደደ። ኒካሁ ታሰረ፣ ሰርጉ ተበላ፣ ሙሽራዋ ግን ከእናቷ ቤት አልወጣችም። በእኛ ሰፈር አዲስ አማች ሐሪድ የሚባለውን ዓሣ በገዛ እጁ ይዞ የሙሽሪት እናት ደጃፍ ካላደረሰ ሚስቱን አይወስድም።

አምና ሐሪድ በሚያዝበት ቀን ጅብራን ጫማውን በእጁ ይዞ ባሕሩ ዳር ቆሞ ዋለ። ጓደኞቹ አዝነውለት ከያዙት ዓሣ ሰጡት። እህቴ ዓሣውን ትታ ሽርጡን ዳሰሰችው። ደረቅ ነበር።

«ለዛሬ ይቅር ብያለሁ» አለችው። «ለከርሞም እንዲህ ደርቀህ ከመጣህ ግን ልጄን ፈትተህ ትሄዳለህ!»

ሐሪድ ኑሮው ኮራል በሚባለው የባሕር ውስጥ ድንጋይ መሃል ነው። አፉ የበቀቀን አፍ ነው፤ ኮራሉ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ነገር ከነድንጋዩ ይግጠዋል። ጠልቀህ ብታዳምጥ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ያለ ይመስልሃል። ድንጋዩን ፈጭቶ አሸዋ አድርጎ በኋላው ይለቀዋል። እንግዳ የሚያደንቀው ነጭ አሸዋችን ብዙው የሐሪድ ኩስ ነው፤ እኛም በባዶ እግራችን እየረገጥነው እንኮራበታለን። ሌላም ጉድ አለው፦ የመንጋው አውራ ሲሞት ከሴቶቹ አንዷ ቀለሟን ቀይራ ወንድ ትሆናለች። እህቴም ባሏ ከሞተ ወዲህ ጀልባ ስትገዛ ስትሸጥ፣ ከወንዱ ጋር ስትሟገት ያየ ሰው «ሸውቂያ ሐሪድ ሆነች» ይላል። እሷ ፊት ግን ማንም አይላትም።

በዓመት አንዴ፣ ሙሉ ጨረቃ ካለፈ በኋላ፣ ባሕሩ የሚከረፋ ሽታ ያመጣል። ያኔ ሐሪድ መንጋ በመንጋ ጥልቀት ወደሌለው ዳርቻችን ይገባል። ጎልማሶች በረጅም መረብ ይከቡታል፤ ሌላው ወንድ ሁሉ ተሰልፎ ምልክት የሚሰጠውን ሽማግሌ እጅ ይጠብቃል።

«አንተ የተራራ ፍየል፣ ዘንድሮም ጫማህን ልትጠብቅ መጣህ?» አልኩት ጅብራንን።

«ጫማዬን ቤት ትቼ ነው የመጣሁት፣ አጎቴ» አለኝ።

የሽማግሌው እጅ ወረደ። አባቶቻችን እንደሚያደርጉት ሁላችንም እየጮህን ወደ መሃል፣ ዓሣው ወደሚበዛበት ሮጥን። በአንዴ አሸዋው ተናወጠ፣ ውሃው ወተት መሰለ። ዓሣው በእግራችን መሃል ይሾልካል፤ እኛ እርስ በርስ ግንባር እንጋጫለን። አንዱ ሐሪድ ጣቴን ነክሶኝ ሄደ።

ጅብራን እስከ ጉልበቱ ገብቶ ቆመ። ከዚያ በላይ እግሩ እምቢ አለው። ዳር ላይ የነበሩት ሴቶች ሳቁ። እህቴ እጇን አጣምራ ታያለች፤ ቡሽራ ከኋላዋ ዓይኗን ጨፍናለች። ጅብራን ሽርጡን ፈታ። ከሥሩ ቁምጣ ለብሷል፣ ምስጋና ለአላህ! እዚያው ተንበረከከ፣ ውሃው ወገቡ ላይ ደረሰ። የሽርጡን አንድ ጠርዝ በጉልበቱ ወደ አሸዋው ተጭኖ ሌላውን በሁለት እጁ ከፍ አደረገው። «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» ሲል ይሰማኛል። እኛን የሸሸው ዓሣ ወደ ዳር ፈሰሰና ሽርጡ ውስጥ ዘው አለ። ለካ እኛ እየጮህን የምንነዳው ለእሱ ኖሯል!

ጠቅልሎ በትከሻው ተሸክሞ ወጣ።

«ማን አስተማረህ?» አልኩት።

«እኛ ዘንድ ጎርፍ ሲመጣ ማን ያባርረዋል፣ አጎቴ? እርከኑን ከፍተን እንቀበለዋለን እንጂ።»

በእጄ ያለው አንድ ዓሣ ብቻ ነው። ቀናሁበት፣ ወላሂ፤ ቢሆንም አቅፌ ሳምኩት።

እህቴ ደጃፍ ሲደርስ ዘረገፈው። አረንጓዴና ሰማያዊው ዓሣ መሬቱን ሞላው።

«ትንሽ ነው» አለች ሸውቂያ። ሰፈሩ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ።

ቡሽራ ጓዟን ይዛ ወጣች፤ መቼ እንደጠቀለለችው አልጠየቅናትም። ባልና ሚስቱ ቦቴው ላይ ወጡ። እህቴ በሩ ላይ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ሻሿን አጥብቃ ተከትላቸው ወጣች።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ሐሪድ አጠባበስ ማን ሊያሳያት ነው? ንዳ፣ ልጄ!»

ጅብራን ጥሩምባውን ተጭኖ ከተማውን ዞረ። መሃላቸው ተቀምጣ ከሁሉም በላይ እልል የምትለው እህቴ ነበረች።