ወንድሜ ሻቡን የተወበት ሰሞን

ወንድሜ በየመን በኩል ሳዑዲ፣ ደማም ሲገባ እኔ አል ሙሐመዲያ ሰፈር በሰው ቤት መሥራት ከጀመርኩ ቆይቼ ነበር። እኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፤ እሱ አንድም ወረቀት የለውም። ራካ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከአገር ልጆች ጋር በአንዲት ክፍል እየኖረ መኪና ያጥባል፤ ሲገኝም ዕቃ ያወርዳል። ድካም እንዳይሰማው ብሎ አብሮት ከሚሠራ ሰው ክኒን እየተቀበለ መዋጥ ጀመረ። ከክኒኑ ወደ ሻቡ ተሻገረ፤ በመስታወት ቱቦ አሙቀው የሚያጨሱት፣ እንቅልፍንም ረሃብንም የሚያጠፋ ነጭ ጠጠር ነው። እኔ የነቃሁት ጉንጩ ጎድጉዶ ጥርሱ ሲበሰብስ ነው።

አሠሪዬ ማዳም ከልጆቿ ጋር ለዕረፍት ልትሄድ ስትል ወንድሜ ታሟል ብዬ ለመንኳት።

«ኸላስ፣ ሂጂ፤ ሙሽኪላ ግን እንዳታመጪብኝ» አለችኝ።

ራካ ስደርስ አብረውት የሚኖሩት ልጆች ሻቡውን እስኪተው ወጥቶ እንዳይገዛ እየተፈራረቁ በሩን ይጠብቁ ነበር። ወንድሜ መጀመሪያ እንደ ሬሳ ተኛ። ሲነቃ ለፖሊስ ሸጣችሁኛል እያለ ጮኸ፤ ያጎረስኩትን ፊቴ ላይ ተፋው።

«አንቺ እህቴ አይደለሽም!»

ሐኪም ቤት እንውሰደው ስንል ግን እንደ ሕፃን አለቀሰ። «እዚያው ያስይዙኛል» አለ። ተውነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከልጆቹ አንዱ ያበረታታዋል ብሎ ስለ አንድ ሱሰኛ ወጣት የተሠራ ፊልም በስልኩ ከፈተልን። የፊልሙ ልጅ ንጹሕ አልጋ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ጮኸ፣ እናቱ አቀፈችው። ከዚያ «ከስድስት ወር በኋላ» የሚል ጽሑፍ መጣና ልጁ ወዙ ተመልሶ በባሕር ዳርቻ ሲሮጥ አየን።

ወንድሜ ቀና አለ። «ስድስቱ ወር የት ሄደ?»

«ዘለሉት» አልኩት።

«እኛ እኮ ያለነው እዚያ የዘለሉት ውስጥ ነው።»



እየቆየ መብላት ጀመረ። አንድ ጁምዓ መኪና ያለው ጓደኛቸው ኒስፍ አልቀመር የሚባለው የባሕር ዳርቻ ወሰደን። ወንድሜ እስከ ጉልበቱ ውሃው ውስጥ ገብቶ ቆመ። ጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፤ ግን ሳቀ። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ወደ ሥራ በተመለሰ ጊዜ ያ ክኒን ያስጀመረው ሰው እዚያው ጠበቀው። ወንድሜ ላብ አጥምቆት መጣና ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

«ዛሬ አልተቀበልኩትም። ነገ ግን እቀበለዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። እዚህ ከቆየሁ አልድንም።»

«ምን ልታደርግ ነው?»

«እጄን ልሰጥ። አገሬ ይመልሱኝ።»

በማግስቱ እስከ ፖሊስ ጣቢያው መንገድ ሸኘሁት። አውፍ በይኝ አለኝ፤ ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት። በሩ ውስጥ እስኪገባ ቆሜ አየሁት። እስር ቤት ከርሞ ነው ወሎ የገባው፤ እከክ ይዞት፣ የባሰ ከስቶ።

እናቴ ደወለችልኝ። «ልጄን ምን አድርጋችሁ ነው የላካችሁልኝ?»

«ታሞ ነበር፣ እማዬ።»

«ምኑን?»

«ጨጓራውን።»

ወንድሜ ስልኩን ተቀበላት። «ወላሂ አልነካሁም። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ሥራም የለም።»

አምነዋለሁ። ግን በደወለ ቁጥር የሚለውን ከመስማቴ በፊት አነጋገሩን ነው የማዳምጠው። ሻቡ ሲያጨስ እንደነበረው ቶሎ ቶሎ ካወራ «ስልኩን ለእማዬ ስጣት» እለዋለሁ።