ያልወለቀው ካልሲ

የቆዳ ካንሰር ቀዶ ሐኪሙን ተማሪዎቹ በሌለበት «ዶክተር ካልሲ» ይሉታል። አንገቱ ላይ ለወጣች እባጭ የመጣ ሰው ሳይቀር ካልሲውን ሳያወልቅ ከክፍሉ አይወጣም። ጥቁር ቆዳ ላይ ክፉው ካንሰር መሸሸግ የሚወደው ውስጥ እግር ነው እያለ ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሯል። ቅጽል ስሙንም ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል እንጂ በሆዱ ደስ ይለዋል። ሥራው ላይ እንከን አይወጣለትም። ጥቂት ይቆርጣል፣ የቆረጠውን ጠርዝ በማይክሮስኮፕ ያስመረምራል፣ ካልጠራ ተመልሶ ይቆርጣል። አፍንጫውን የጠገነለት ሰው መስታወት ፊት ቆሞ «የቱ ጋ ነበር?» ሲል መስማት ይወዳል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ለባዳ ነበር።

ታላቅ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። ስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ አስተምራ ለሐኪምነት ያበቃችው እሷ ናት። ባለፈው ዓመት አንድ እሁድ፣ ምሳ በልተው እንደጨረሱ፣ ውስጥ እግሯ ላይ ጥቁር ነገር እንደወጣባት ነግራው ካልሲዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለች። እሱ ስልኩን እየነካካ ነበር።

«ተዪው እትዬ፣ የስፌት መኪናሽ ፔዳል ያመጣው ነው» አላት።

የስንቱን የማያውቀውን ሰው እግር ሲያገላብጥ የኖረ ሰው የእህቱን ለማየት ሰነፈ። እሷም የዶክተር ቃል ነውና አመነችው። ጎረቤት ታከሚ ሲላት «ወንድሜ እያለልኝ!» እያለች ትመልስ እንደነበር በኋላ ሰማ።

ከዘጠኝ ወር በኋላ ማነከስ ስትጀምር ልጇ እሱ ወደሚሠራበት ሆስፒታል ይዛት መጣች። እሱ ለስብሰባ ሌላ ከተማ ስለነበር የመረመረቻት ተማሪው የነበረች ሐኪም ናት። ካልሲዋን አስወለቀቻት። ናሙናው ካንሰር ሆነ፤ ብሽሽቷም ውስጥ ገብቷል።

እንደተመለሰ በቀጥታ ወደ አልጋዋ ሄደ። ወጣቷ ሐኪም ተለማማጆቿን ሰብስባ ፋይሉን ታነባለች። «ከዚህ በፊት ለሐኪም ተናግረው አያውቁም» ይላል። ከዚያ ወደ እህቱ ዞር ብላ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ቤት መቀመጥ ደግ እንዳልሆነ በትሕትና ወቀሰቻት።

«ልክ ነሽ ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች እህቱ። ወደ እሱ ቀና ብላ አላየችም።

ያኔ ገባው። ስሙን እየጠበቀችለት ነው። እፍረቱ ከአንገቱ እስከ ጆሮው ድረስ አቃጠለው። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር፤ ለአፍታም ዝም ብሎ ቆመ፣ ይህችን አፍታ ኋላ ሲያስባት ከሁሉ ይልቅ ታሳፍረዋለች።

«ፋይሉ ይታረም» አለ በመጨረሻ። «ነግራኝ ነበር። ካልሲዋን ልታወልቅ ስትል የከለከልኳት እኔ ነኝ።»

ተለማማጆቹ ወለሉን ማየት ጀመሩ።

«ምን አለ ዝም ብትል?» አለችው እህቱ ቀስ ብላ፤ አንሶላውንም ስባ እግሯን ሸፈነች።