ጣቷን የከለከልኳት ልጅ

ዛሬ ጠዋት የወረፋ ቁጥሬን ገልብጬ ይዤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ። አሥራ ስድስት ነበርኩ፤ እኔ ግን ዘጠና አንድ ነኝ ብዬ እግሬን አነባብሬ ሰው እታዘባለሁ። ነርሷ «አሥራ ስድስት! አሥራ ስድስት የለም?» እያለች ስትጮህ፣ «ምን ዓይነቱ ዝንጉ ነው?» ብዬ ከሁሉ በላይ ያማሁት እኔው ነኝ። በመጨረሻ አጠገቤ የተቀመጠ እኩያዬ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ አዞረው።

«ወሪያ! የሚጠሩት አንተን ነው እኮ። ለመሆኑ ሥራህ ምን ነበር?»

«የሒሳብ አስተማሪ።»

«አቦ ተወኝ!»

የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ በራሴ መሳቅ የለመድኩት ሥራ ነው።

ይዣት የመጣሁት የልጄን ልጅ ነበር። ስምንት ዓመቷ ነው። ታነባለች፣ ተረት ትፈጥራለች፣ በነገር እኔን ትጥለኛለች፤ ቁጥር ላይ ስትደርስ ግን መንገድ እንደጠፋው ሰው ትቆማለች። ከአዲስ አበባ ለሳምንት የመጣች የልጆች ባለሙያ አለች ሲሉኝ ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ አመጣኋት።

ባለሙያዋ ጠረጴዛው ላይ አራት የሸሚዝ ቁልፎች በተነች። «ስንት ናቸው?» ልጅቷ በሌባ ጣቷ አንድ በአንድ ነካክታ «አራት» አለች። ባለሙያዋ ምንም ሳትጨምር፣ ምንም ሳትቀንስ፣ ቁልፎቹን ብቻ አራራቀቻቸው። «አሁንስ?» ልጅቷ እንደገና ከአንድ ጀመረች።

ያንን ጣት አውቀዋለሁ።

«አባባ፣» አለችኝ ባለሙያዋ፣ «እኔና እርስዎ አራት ነገር ስናይ ሳንቆጥር አራትነቱ ይታየናል። አንጎላችን ውስጥ፣ ከአናታችን ወደ ኋላ ገባ ብሎ፣ የብዛትን ስሜት የሚሰጠን ቦታ አለ። አንዳንድ ልጆች ላይ ያ ቦታ እንደኛ አይሠራም። ሰባት የሚለውን ቃል ያውቁታል፤ የሰባት መጠን ግን አይሰማቸውም። ያንን ጉድለት በጣታቸውና በማስታወስ ይሞላሉ። ሲፈሩ ደግሞ ሐሳባቸውን ፍርሃቱ ይይዘዋል፤ ቆጠራው ይጠፋባቸዋል።»

«ስንፍና አይደለም ማለት ነው?»

«የምን ስንፍና! ከክፍሉ ሁሉ አብልጣ የምትደክመው እሷ ናት።»

ይህን ከአርባ ዓመት በፊት የነገረኝ ቢኖር እሰማው ነበር? አልሰማም። ያኔ ሁሉን አውቅ ነበር።

በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ድሬ ዳዋ፣ ከባቡር ሠራተኞች ሰፈር አጠገብ፣ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ጎፈሬዬን አበጥሬ፣ ጠመኔ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ የምንጎራደድ ጉረኛ ነበርኩ። የምኮራበት አንድ ዘዴም ነበረኝ፤ ማባዣ የሚጠየቅ ተማሪ ቆሞ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ይጭናል። በጣት መቁጠር የለም!

አንዲት ልጅ ነበረች። አባቷ ባቡር ጋራዥ ይሠራል፤ እናቷ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም ትሸጣለች። ልጅቷ በኦሮምኛ ታወጋለች፣ በሱማሌኛ ትሳደባለች፣ የአማርኛ ግጥም አንዴ ሰምታ ትወጣዋለች። ሰባትና ዘጠኝ የትኛው ይበልጣል ሲሏት ግን ትጠፋለች። አራተኛ ክፍልን ስትማር ሦስተኛ ዓመቷ ነው። አባቷ ዘንድሮ ካላለፈች ከትምህርት ቤት እንደሚያስወጣት ነግሯታል። እሷ ነግራኛለች፤ አውቅ ነበር።

አንድ ቀን እጇን አናቷ ላይ ጭና «ስድስት ሲባዛ በሦስት» አልኳት። ብዙ ቆይታ «አሥራ ስምንት» አለች። ተጠራጠርኩና ወደ ታች አየሁ። ነጠላ ጫማዋ ላይ የእግር ጣቶቿ ተራ በተራ ይነሳሉ፣ ይወድቃሉ።

«ልጆች፣ የዚችማ እግር ከጭንቅላቷ ይበልጣል!» ብዬ የስም መጥሪያውን መዝገብ እግሮቿ ላይ ከደንኩት። «በይ አሁን አራት ሲባዛ በሰባት!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መዝገቡ ግን ትንሽ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። የመጀመሪያው መልሷ ልክ እንደነበር ያስታወስኩት ከዓመታት በኋላ ነው።

የሚገርመው ከሰዓት በኋላ ቀበሌ ውስጥ ጎልማሶችን መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር። የዚችው ልጅ እናት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ በጣቷ ስትቆጥር፣ «ጎበዝ እናቴ፣ ቀስ ብለሽ» እላታለሁ።

የዓመቱ ፈተና ቀን ልጅቷ የሁመር፣ የዚያ ጎምዛዛ መጠጥ የሚሠራበት ዛፍ፣ ፍሬዎች በጨርቅ ቋጥራ መጣች፤ ልትቆጥርባቸው። ቋጠሮውን ከእጇ ወስጄ ኪሴ ከተትኩት። «ስትጨርሺ ትወስጃለሽ።» ወረቀቷን ስሰበስብ በስርዝ ድልዝ የተሞላ ነበር። ቋጠሮውን ረሳሁት።

ውጤት በተሰጠ ማግሥት አባቷ ዘይት የጠጣ ቱታውን እንደለበሰ መጣ።

«ጓድ መምህር፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ልጄ ሰንፋ ነው ወይስ አልገባት ብሎ? አልገባት ብሎ ከሆነ ዘንድሮም እታገሣለሁ። ከሰነፈች ግን ከእናቷ ጋር ቲማቲም ትሽጥ።»

«ሰነፍ ናት» አልኩት።

ጥቂት እንኳ አላሰብኩም። ሰውየው እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት፣ ልጅቷ አጥሩ ጋ ቆማ ጠበቀችኝ። ዩኒፎርም አልለበሰችም።

«ቲቸር፣ ፍሬዬን ስጡኝ።»

ቋጠሮውን ክረምት ላይ ኪሴን ሳራግፍ እንዳለ ጥዬዋለሁ። ጠፉብኝ ማለት ግን ለእኔ ለጉረኛው ውርደት መሰለኝ። ስለዚህ ቀለድኩ።

«ከአሥር ወደ ኋላ ቁጠሪልኝና እሰጥሻለሁ።»

ማንም ሳያዛት ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች።

«አሥር… ዘጠኝ…» አለች። እንደገና «አሥር» አለች። ከዚያ እጇን አወረደችና ዞራ ሄደች። አልጠራኋትም።

በኋላ ቀፊራ ሄጄ እናቷን ብፈልግ ቦታው ላይ ሌላ ሴት ድንች ትሸጣለች። ወደ ድሬ ዳዋ ዳርቻ ሄዱ ያለኝ አለ፤ ባቡሩን ተከትለው ወደ ጅቡቲ ያለኝም አለ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ትንሽ ልጅ ፊት ለፊቴ ከተቀመጠ የማየው እግሩን ነው። አንዳንዴ የራሴ ጣቶች ጫማዬ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ይሰማኛል፤ ምን እንደሚቆጥሩ አላውቅም።

አሁን ያቺ ተማሪዬ ሃምሳን ያለፈች ሴት ትሆናለች፤ በሕይወት ካለች። አንድ ቋጠሮ የሁመር ፍሬ አለብኝ። አሥር ነበሩ ልል ነበር፤ ግን እኔ የሒሳብ አስተማሪው ቋጠሮውን ፈትቼ አልቆጠርኳቸውም።