ከሕሙማን ዝርዝር የተሰረዘ ስም

የሚስቴን ስም ከሕሙማን ዝርዝር የሰረዝኩት እኔው ነኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ ስለሆንኩ ሌላ ማን ይሰርዘው? ሰኞ ጠዋት፣ እሑድ ለጸሎት የሚነበበውን ዝርዝር ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ስሟን አጠፋሁና ከሥሯ ያሉትን ወደ ላይ ገፋኋቸው። ከዚያ የመኪናዬን ቁልፍ አንስቼ ቡርንስቪል ከተማ ወዳለው የኩላሊት እጥበት ማዕከል ወሰድኳት። በሳምንት ሦስት ቀን ትታጠባለች።

ከአገር ቤት ጀምሮ ያደግንበት ቤተ እምነት እንዲህ አልነበረም። እንዘምራለን፣ ስብከት እንሰማለን፣ ሰው ሲታመም እንጸልይለታለን፤ ከ«አሜን» በኋላ ደግሞ ሐኪም ቤት ማን እንደሚያደርሰው ተነጋግረን እንበተናለን። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ከላይ ያሉት መሪዎች አቅጣጫ ቀየሩ። ሰባኪ ይልኩልን የነበሩት ነቢይ መላክ ጀመሩ። እያንዳንዱ ጉባኤ የፈውስ እሑድ ይኑረው የሚል ደብዳቤ መጣ፤ በሽታም የእምነት ጉድለት ሆኖ አረፈው። ያን ደብዳቤ አባዝቼ ለሽማግሌዎች ያደልኩት እኔ ነኝ። መሪዎቹ የሚያውቁት ነገር ይኖራል ብዬ ዝም አልኩ። ውሸቴን ነው፤ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።

ስሟን ከዝርዝሩ በሰረዝኩበት ሰኞ ዋዜማ፣ በፈውስ እሑድ፣ በዕድሜ ልጃችን ሊሆን የሚችል ነቢይ ሚስቴን ወደ መድረክ ጠርቶ እጁን ጫነባት። ጸለየ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ማይኩን አፏ ሥር ደቀነው።

«እናቴ፣ ተፈውሰሻል ወይስ አልተፈወስሽም?» አላት። «እርስዎ» ማለት እንኳ አላስተማሩትም።

ሕዝቡ በሙሉ ቆሞ ያጨበጭባል። ሚስቴ ደግሞ ሰው ማሳፈር አትችልም። ሰው ቤት ጨው የበዛበት ወጥ ቢቀርብላት «እጅሽ ይባረክ» ብላ ጨርሳ የምትነሳ ሴት ናት።

«ተፈውሻለሁ» አለች።

መኪና ውስጥ ስንገባ አፈጠጥኩባት።

«ታዲያ ምን ልበል?» አለች። «ያ ሁሉ ሰው ቆሞ! እንግዳውን ላሳፍረው?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በየረቡዑ ዌስት ሴንት ፖል ወዳለው ቤታችን ሾርባ ይዘው ይመጡ የነበሩት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ቀሩ። የዳነን ሰው መጠየቅ አለማመን ነው ተባለ። እሷም በጁላይ ሙቀት ረጅም እጅጌ መልበስ ጀመረች፤ መርፌው የሚገባበት፣ ክንዷ ላይ ያበጠው ደም ሥር እንዳይታይባት። አንድ ቀን ከእጥበት ስትወጣ ፓርኪንጉ ላይ ከመዘምራኑ አንዷ አገኘቻት። «ምነው፣ እዚህ?» ስትላት «ሰው ልጠይቅ መጥቼ» ብላ መለሰችላት። የመኪናውን መሪ እንደያዝኩ ሰማኋት። በነቢዩም፣ በመሪዎቹም ተቃጠልኩ፤ ከሁሉ ይልቅ ግን በራሴ።

ፕሊማውዝ ውስጥ የድሮውን መዝሙር የሚዘምር ሌላ የአማርኛ ጉባኤ አለ። ለእኔ መሄድ ቀላል አልነበረም፤ የእኛ ጉባኤ ሲጀመር ወንበር የተሸከምኩ ሰው ነኝ። ቢሆንም ወደዚያ እንሂድ አልኳት፣ እሺ አለች። በእኛ ዘንድ ግን ሰው ዝም ብሎ ቤተ ክርስቲያን አይቀይርም። በመልካም ምስክርነት መኖሩን የሚገልጽ መሸኛ ደብዳቤ ይይዛል፤ ሳይዝ የሄደ «ኮበለለ» ይባላል። ለስንቱ ጽፌያለሁ! የእኛንም ጽፌ ለፊርማ መጋቢው ዘንድ ገባሁ።

አነበበና ቀና አለ።

«ጋሼ፣ እኔ እፈርማለሁ። ግን እናታችን ተፈውሻለሁ ያሉበት የቴስቲመኒ ቪዲዮ ኦንላይን ላይ ነው። እዚያ ሄደው ታምሜያለሁ ቢሉ እኛ ምን እንባላለን? ‹ከኩላሊት ሕመም የተፈወሱ› የምትል አንድ መስመር አድ ያድርጉባት፤ ወዲያው እፈርማለሁ።»

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር።

«ጨምርለት» አለች። «ለአንድ መስመር ብለን ሰው አናስቀይም።»

መስመሯ ከተጨመረች ፕሊማውዝም ሄደን የሚጠይቃት አይኖርም። ካልተጨመረች ደግሞ መሸኛ የለም። ሳምንቱን ሙሉ ከራሴ ጋር ስከራከር ሰነበትኩ። ሰኞ ዝርዝሩን ከፈትኩና፣ ሳልጠይቃት፣ ስሟን አንደኛ ላይ መለስኩት። መጋቢው ዝርዝሩን አስቀድሞ አያየውም፤ መድረክ ላይ ወጥቶ ነው የሚያነበው።

እሑድ ስሟን ከነአባቷ አነበበና ቀጥ አለ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሚስቴ እጄን ቆነጠጠችኝ።

«ይቅርታ፣ የጸሐፊያችን ሚስቴክ ነው» አለ መጋቢው እየሳቀ። «እናታችንማ ተፈውሰዋል። አይደል፣ እናታችን?»

ማይኩ እንደገና መጣላት። ሕዝቡ ለማጨብጨብ ተዘጋጀ። ተነሳች። «አዎ» ትላለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«አልተፈወስኩም» አለች። «ነገ ጠዋት ቀጠሮ አለኝ።»

ለማጨብጨብ የተነሳው እጅ ሁሉ ወረደ። ቦርሳዋን አንስታ መውጣት ስትጀምር ተከተልኳት። መሸኛችን ሳይፈረም መጋቢው ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ሾርባ ያመጡላት ከነበሩት ሴቶች አንዷም ቀና ብላ አላየቻትም። እሷ ግን በመካከላቸው ስታልፍ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ነበር።