ታቢታ መጽሐፍ ያስመረቀች ዕለት

ታቢታን ዛሬ የሐዋሳ ሰው «ደራሲዋ» እያለ ይጠራታል። ፒያሳ ላይ መጽሐፍ የሚያዞሩት ሳይቀሩ ቆመው ሰላም ይሏታል። መጽሐፏ እንዴት እንደተወለደ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ የሚያውቀውም ምነው ባላወቅሁ ይላል።

ነገሩ የጀመረው በባድመ ጦርነት ነው። ታናሽ ወንድሟ ያቤጽ ዘምቶ ነበር። አንድ ቀን አብሮት የዘመተ ጓደኛው እሷ በጸሐፊነት ወደምትሠራበት ቢሮ መጣና ፊት ለፊቷ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። ገና ሳይናገር ገባት።

እናቷ እትዬ ተዋበች ያን ሰሞን ልባቸውን ታመው ገና ከሆስፒታል መውጣታቸው ነበር። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተማክረው፣ አሁን መርዶ ብንነግራቸው እሳቸውንም እናጣለን፣ ትንሽ ይበርቱ አሉ። ለጊዜው ያቤጽ ተማርኳል ተባሉ። አሳቡ የደግ ሰው አሳብ ነው፣ ማንም ክፉ አላሰበም። ነገር ግን መርዶ ሲያሳድሩት ይከብዳል። እትዬ ተዋበች ሲበረቱ በዓል ይደርሳል፤ በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ ደም ግፊታቸው ይነሣል። ምርኮኞች ሲለቀቁም የእሱ ተራ ገና ነው ተባሉ። እንዲህ የዘንድሮው ለከርሞ ሲባል መንደሩ ሁሉ አውቆ እሳቸው ብቻ ቀሩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ታቢታስ? ወንድሟ ሞቶ ጥቁር መልበስ አልቻለች። ደረቷን መታ ማልቀስ አልቻለች። እናቷ ፊት እየሳቀች ትውላለች። ልቅሶዋን የምታደርስበት ቦታ ቢቸግራት መጻፍ ጀመረች። መጀመሪያ ስለ ያቤጽ ሁለት ሦስት ገጽ ብቻ ነበር፤ ሐይቁ ዳር ዓሣ ሲበላ የሚያወራው ቀልድ፣ ኳስ ሲጫወት የቀደደው የበዓል ሱሪ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። እያደር ግን ረዘመና ልብ ወለድ ሆነ። ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ እሷ በቢሮው ኮምፒውተር ትተይባለች፣ የሥራ ባልደረቦቿም ምግብ የማትበላ መነኩሴ ሆነች ብለው ይቀልዱባታል።

ሲያልቅ ረቂቋን ታቅፋ አዲስ አበባ ወጣች። አንዱ አሳታሚ ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ ጦርነት ሰልችቶናል፣ የፍቅር አድርጊውና ተመለሺ አላት። ሌላው ተቀበላትና ዛሬ ነገ እያለ ካከረማት በኋላ ጠፍቶብኛል አለ። ስንት ዓመት የለፋችበትን ነገር እንደ ዣንጥላ ጠፋ ብሎ የሚናገር ሰው ምን ይባላል! ኮምፒውተሩም በዚያው መሀል ተበላሽቶ ስለነበር ሌላ ቅጂ አልቀራትም። ተመልሳ ሐዋሳ ገባች፣ አንድ ሳምንት ተኛች፣ ከዚያ ተነሥታ ከሆዷ እያወጣች እንደገና ጻፈችው። በመጨረሻ ከእንግዲህ ማንንም አልለምንም ብላ ዕቁቧ ሲደርሳት ራሷ አሳተመችው። የሚሌኒየሙ ዓመት ነበር።

በዚያ ሁሉ መንከራተት ያልቀየረችው የመጀመሪያውን ገጽ ነው። «በባድመ ለወደቀው ለወንድሜ ለያቤጽ መታሰቢያ ይሁንልኝ» ይላል። አንድ ወዳጇ ይህን ገጽ አውጪው ብላ ብትመክራት፣ እማዬ እንደሆነች ማንበብ አትችል፣ ይህን ካወጣሁማ መጽሐፉን ለማን ጻፍሁት አለቻት። ደግሞም ቆርጣ ነበር፤ ምረቃው ባለፈ በሳምንቱ ሽማግሌዎቹን ይዛ መርዶውን ለእናቷ ልትነግራቸው ነበር። አንድ ሳምንት ብቻ ነበር የቀራት።

ለምረቃው ባህል አዳራሽ አካባቢ አንድ ትንሽ አዳራሽ ተከራየች። እናቷን ቤት ለማስቀረት ብዙ ደከመች፤ ሰው ይበዛል፣ ትታፈኛለሽ ብትላቸው፣ ልጄ መጽሐፍ ስታስመርቅ እኔ ቤት ልጠብቅ ወይ ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ «የእኔ ልጅ ናት» ይሉ ነበር።

መድረኩን የሚመራው መምህር ጉልላት ከሌላ ከተማ በቅርብ የተዛወረ ሰው ነው። ታቢታ አራተኛውን ምዕራፍ ብቻ እንዲያነብ ለመነችው፤ ምክንያቱን ለመንገር ግን አፈረች። እናቴን ስዋሻት ኖርኩ ብሎ ለባዳ ሰው መናገር ቀላል አይደለም። እሱም ምስኪን፣ ያከበራት መስሎት፣ መታሰቢያውን ሳናነብ ወደ ምዕራፉ አንሄድም አለና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ታቢታ ከመቀመጫዋ ብድግ ስትል አልቋል።

እትዬ ተዋበች አልጮሁም። ወደ ልጃቸው ዞር አሉ።

«ያቤጽ የሚለው የእኔን ነው?»

ታቢታ መጥታ ፊታቸው ቆመች። እሳቸው ወደ ኋላ ዞረው ጎረቤቶቻቸውን፣ ሽማግሌዎቹን፣ አንድ በአንድ አዩአቸው፤ ሁሉም አቀርቅሯል። ያን ጊዜ ገባቸው።

«ማታ ማታ ጌታ ሆይ ልጄን በሰላም አግባልኝ ብዬ ስጸልይ፣ አጠገቤ ተንበርክከሽ አሜን ትዪ ነበር እኮ» አሉ።

ታቢታ እግራቸው ላይ ወደቀች። «እንዳትሞቺብኝ ፈርቼ ነው እማዬ» አለች፤ እሳቸው ግን መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አድርገው በነጠላቸው ሸፈኑት።

ሰው ለምረቃ እንደለበሰ ከአዳራሹ በቀጥታ ወደ ልቅሶ ቤት ሄደ። በዚያው ምሽት ድንኳን ተጣለ፣ ዓመታት የዘገየው ልቅሶ ተለቀሰ። እትዬ ተዋበች ይሞታሉ ተብሎ የተፈራውም ሳይሆን ቀረ፤ አለቀሱ፣ ተቀመጡ፣ ተነሡ። ልባቸው መርዶውን ችሎታል። ለዚህ ነበር እንግዲህ ያ ሁሉ ዓመት! መጽሐፉም ወሬው ስለተሰማ ቶሎ አለቀ፣ ያ ጦርነት ሰልችቶናል ያላት የአዲስ አበባ አሳታሚም ሁለተኛውን እትም እኔ ላሳትምልሽ ብሎ ደወለ።

እናትና ልጅ ዛሬም አብረው ይኖራሉ። አይጣሉም፣ አብረው ይበላሉ። ማታ እትዬ ተዋበች እንደ ድሯቸው አልጋቸው ሥር ይንበረከካሉ፣ ታቢታም አጠገባቸው። ጸሎታቸውን ግን ከዚያን ዕለት ወዲህ በሆዳቸው ነው የሚያደርሱት። ታቢታ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች፤ አሜን የምትልበትን ታጣዋለች።