አምፕሊፋየሬን ለቆራሌው?

ዛሬ ጠዋት አምፕሊፋየሬን ከቆራሌው እጅ ነጥቄ አስጣልኩ። አሁንም ንዴቱ አልበረደልኝም።

ቆራሌውን የጠራችው ማን መሰላችሁ? ጊታር የምትማረው የልጅ ልጄ ማርታ! «አባባ፣ አርጅቷል እኮ፤ ድምፁ ይንጫረራል» አትለኝም?

«ያረጀ የሚሸጥ ከሆነ እኔንም ጨምሪለታ!» አልኳት። ቆራሌው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ፋዘር፣ እርስዎን የሚችል ጆንያ የለኝም» አለ። ባለጌ!

ቤት መልሼ ሰካሁት። ለካስ እመቤቲቱ ጊታሩ የሚሰካበት ሁለተኛው ቻናል ላይ ቮልዩሙንም፣ ድምፅ የሚያሻክረውን ጌይኑንም እስከ ጥግ አዙራቸዋለች!

በደርግ ጊዜም እዚሁ ፒያሳ፣ በዚሁ አምፕሊፋየር ለቀበሌው ኪነት ጊታር ስመታ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር እንዲሁ አድርጎኛል። «አብዮት በለሆሳስ አይዘመርም!» ብሎ ማዞሪያውን ሁሉ አዞረ። መዝሙሩ ሽንኩርት ሲጠበስ መሰለ። ከዚያ «አሻጥር ነው» ብሎ ያሳሰረው እኔን ነው። እሱም እንደ ማርታ የራሱን እጅ ጥፋት በሌላ ላከከ!

ጌይኑን ቀነስኩ፤ ቮልዩሙን መጠንኩና ጊታሩን መታሁት። ድምፁ ኩልል አለ። ማርታ ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይሰማ የነበረው ቆራሌ ግን ጆንያውን አስቀምጦ «ፋዘር፣ እስቲ ይድገሙልኝ» አለ።

እናንተስ ቤት፣ አያያዙን ሳያውቁ «አርጅቷል» ያሉት ምን አለ? ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልናደድ።